የማዘር ቴሬዛ ጨለማ

ወዳጄ፣ «እምነቴ ይሙላና ያኔ እሠራለሁ» የምትል ከሆነ፣ እስኪ የማዘር ቴሬዛን ነገር ላጫውትህ። ባረፉ በ10 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ብዙ ሰው ደነገጠ። ለካ ሲጸልዩ ሰማዩ ዝም ይላቸው፣ እግዚአብሔር መኖሩንም ይጠራጠሩ ነበር። ለአንድ ሰሞን አይደለም፤ ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ! በእነዚያው ዓመታት ካልካታ ውስጥ፣ ካሊጋት በሚባለው ሰፈር፣ ከመንገድ ላይ የተነሣ በሽተኛ ያጥባሉ፤ ቁስሉን ይጠርጋሉ፤ በደረቀ ከንፈሩ ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋሉ።

ይህን ሰምተው «አስመሳይ ነበሩ» ያሉ አሉ። ኧረ በጭራሽ! ልቡ ሲሞቅለት የሚያገለግልማ ብዙ ነው። እሳቸው ግን ምንም ሳይሰማቸው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ በሽተኞቻቸው ይሄዱ ነበር። እኔን ያጸናኝ ይህ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የማኅበራቸው ቤትም የተከፈተው በዚያው በጨለማቸው ዘመን ነው።