ዓይኔ ሳያይ ልቤ ፈረደ

ቤቴ ቢቸና፣ የእህል መደብሬ ሞጣ ነው። ከቢቸና ገበያ ጤፍ እየገዛሁ በደብረ ወርቅ በኩል በመኪና እልካለሁ፤ ሞጣ ላይ አንድ ወጣት ተቀብሎ ይሸጥልኛል። ሥራውን የምመራው በስልክ ነበር።

አንድ ዓመት ሂሳቡ ይጎድል ጀመር። ከ100 ኩንታል ሁለት ኩንታል ያህል አይገኝም። ልጁን ስጠይቀው፣ “ጋሼ፣ የደረሰኝን መዝኜ ነው የሸጥኩት” ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። እኔ ግን በልቤ ሌባ ብዬዋለሁ። ለባለቤቴም፣ “በወሩ መጨረሻ አሰናብተዋለሁ” አልኳት።

እርሷም፣ “ሄደህ አይተሃል?” አለችኝ። ጥያቄዋ አናደደኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ስለ ካይዘን የሰማሁት ትምህርት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አሠራሩ በአገራችን በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ መሞከር ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከትምህርቱ ቃላት አንዱ “ጌምባ” ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ አለቆችን በጠመኔ በተሰመረ ክብ ውስጥ አቁመው ሥራውን ለሰዓታት እንዲመለከቱ ያደርጉ እንደ ነበር ይነገራል። ችግር ሲገጥምም “ለምን?” ብለው አምስት ጊዜ እንዲጠይቁ ያስተምሩ ነበር።

እኔም ሞጣ ሄድኩ። ልጁን ምንም ሳልናገረው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ ጭነት መጣ። ልጁ ብቻውን ጆንያውን ከመኪና እያወረደ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተ ያስገባል። የበሩ ደፍ ላይ የተሰበረ የብረት ጠርዝ አለ፤ ጆንያው ሁሉ በዚያ ላይ ያልፋል። ከኋላው ቀጭን የጤፍ መስመር ቀረ። ጤፍ ስሙ “ጠፋ” ከሚለው ቃል መጣ ይባላል፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ትበቃዋለች። ማታ ከአቧራው ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

ለምን ጎደለ? ስለ ፈሰሰ። ለምን ፈሰሰ? ጆንያው ስለ ተቀደደ። ለምን ተቀደደ? ጠርዙ ላይ ስለ ተጎተተ። ለምን ተጎተተ? የሚያግዘው ሰው ስለሌለ። ለምን የለም? እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ወጪ ልቀንስ ብዬ ሁለተኛውን ሠራተኛ ከቢቸና ሆኜ በስልክ ያሰናበትኩት እኔው ነኝ።

ልጁን ጠርቼ በልቤ ያሰብኩበትን ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ “ጋሼ፣ ስለ ጠርዙ እኮ ነግሬዎት ነበር” አለኝ። እውነቱን ነው። ነግሮኝ ነበር፤ ሰበብ መስሎኝ አልሰማሁትም።

ጠርዙን አስጠገንኩ፤ ሁለተኛውን ሠራተኛም መለስኩ። ጉድለቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሳይደርቅ የተገዛ ጤፍ ሲሰነብት ክብደቱ ይቀንሳልና። አሁን ግን የቀረው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ።

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በወሬ ሰምቶ ነበር። ለሹማምንቱ አንዳች ከመናገሩ በፊት ግን በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን በዓይኑ ተመለከተ። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! መደብሬ ድረስ ግን አልወሰድኩትም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ በቤትህ ወይም በሥራህ የምትጠረጥረው ሰው አለ? ሄደህ አይተሃል?