ከማርቆስ ወደ ጮቄ፦ እሳት ሲነሳ ማን ይደርሳል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ስንወጣ ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። በበጋ የረገፈው ቅጠል ከግንዱ ሥር ተከምሮ ይቆያል፤ ዘይት ስላለው አንዴ ከተያያዘ ለመመለስ ያስቸግራል። ከዛፉ አጠገብ የጭድ ክምር፣ ከክምሩ አጠገብ ቤት።

አዲስ አበባ ላይ እሳት ያየ ሰው 939 ይደውላል። እዚህ ገጠር ውስጥ እሪ ይባላል። እሪታውን የሰማ ሁሉ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ ጀሪካን፣ ውኃ የነካ ጆንያ፣ ብቻ እጁ የገባለትን ይዞ ይሮጣል። ሥራው ግን ግርግር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ይወጣሉ፣ ቀጥሎ ከብቱ ይፈታል። ጎተራው ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ሳር ክዳኑ አንዴ ከተያያዘ ያንን ቤት ለማትረፍ የሚደክም የለም፤ ጎረምሶቹ የጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ሳሩን ይገፉታል፣ እሳቱ መሻገሪያ እንዲያጣ። ነፋስ ባለበት ሌሊት ይህም አይበቃም። ደመወዝ የለ፣ ጣቢያ የለ፣ ተረኛ የለ፤ የቀረ ሰው ግን ይታማል። ቤቱን መልሶ የሚያቆመውም ያው ጎረቤት ነው፣ አንዱ እንጨት፣ ሌላው ሳር ተሸክሞ።

የሳር ክዳኑን የተካው ቆርቆሮ የእሳት ፍንጣሪን ስጋት ቀንሶታል። እንደ ማርቆስ ባሉ ከተሞች አሮጌ ሰፈሮች ግን ቆርቆሮው ሥር ያለው የባሕር ዛፍ ማገርና ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ኮርኒስ ነው፤ የተላጠ የመብራት ሽቦ በላዩ ያልፋል። እሳቱ ውስጥ ውስጡን ሄዶ ጎረቤት ቤት ብቅ ሊል ይችላል።

ሮብ ገበያ ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት፣ «አያ፣ የእሳት አደጋ መኪና ቢመጣላችሁስ?» አልኳቸው።

«በየት በኩል ልጄ?»

አልተሳሳቱም፤ መኪና ቢኖርም መግቢያ ያስፈልገዋል። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪናውም ባለሙያውም አጠገቡ ነበር፤ ሆኖም የቦታው መጨናነቅ ሥራውን አክብዶት እሳቱ ሰዓታት ፈጀ።

ጮቄ ላይ ነገሩ ይብሳል። የጨሞጋ፣ የሙጋና የሱሃ ወንዞች የሚፈልቁት ከዚህ ተራራ ነው፤ የአስታው ቁጥቋጦና የጓሳው ሣር በበጋ ሲነድ ግን ውኃው ሸለቆ ውስጥ፣ እሳቱ ተረተር ላይ ይሆናል። 4,000 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ አቀበት መውጣት ለወጣትም ፈተና ነው። ስለዚህ እሳቱ በእርጥብ ቅርንጫፍ ይመታል፣ አፈር ይበተናል፣ ከፊቱ ያለው ሣር ይመነጠራል። ሰሜን ተራሮችም በ2011 ሲነዱ ሕዝቡ ቀናት ሙሉ የታገለው እንዲሁ በቅጠልና በአፈር ነበር፤ በኋላ ነው ከእስራኤል ባለሙያ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር የመጣው።

እኔ ብጠየቅ ለጮቄ ግርጌ ቀበሌዎች መጀመሪያ የምገዛው በጀርባ የሚታዘል መርጫ ነው፣ ያ ገበሬው ለአረምና ለተባይ መድኃኒት የሚጠቀምበት ዓይነት። 16 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ መንገድ አይፈልግም፣ አያያዙን የሚያውቅ ሰው ከየመንደሩ አይጠፋም፣ ሲበላሽም ጎማውን ገበያ ላይ መለወጥ ይቻላል። ለእሳት የሚውለው ግን ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ መድኃኒት የነካው ባይሆን ይመረጣል። ይህን ሳነሳ የማስቀመጫውን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚለው ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ክርክር ተነስቶ ሚኒባሱ ጥሩንባ እስኪነፋ አልተቋጨም።