የነጠረው ቁልፍ

መተማ ዮሐንስ በሱዳን ጠረፍ የምትገኝ ከተማ ናት። ድንበሩን ሲሻገሩ ገላባት፣ መንገዱን ሲቀጥሉም ገዳሪፍ ይገኛል። አገሩ በወዲህም ሆነ በወዲያ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር በመተማ ለሚገኝ አንድ የሰሊጥ መጋዘን የጆንያ መቁጠሪያ መሣሪያ ሠርቼ ነበር። መሣሪያው በጣት የሚጫኑት አንድ ቁልፍ፣ ቁጥር የሚያሳይ መስኮትና ማይክሮኮንትሮለር የተባለ፣ የተጻፈለትን ትእዛዝ የሚፈጽም ትንሽ ኮምፒዩተር ነበረው። አንድ ጆንያ በገባ ቁጥር መዝጋቢው ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫናል። የተሸካሚዎቹ የቀን ሒሳብ የሚከፈለውም በዚሁ ቁጥር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ 53 ሲያሳይ፣ በመጋዘኑ የተደረደረው ጆንያ ግን 40 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ 13 ጆንያ ተሰርቋል ብለው ተሸካሚዎቹን ጠረጠሩ። ከመካከላቸው አንድ አረጋዊ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ የተሸከምሁትን ትከሻዬ ያውቀዋል፤ መሣሪያዎ ግን አያውቅም» አሉኝ። አፈርሁ። ጥፋቱን በአቧራ አሳብቤ አዲስ ቁልፍ ብገጥምም ለውጥ አላገኘሁም።

ማታ ነገሩን ስመረምር ምክንያቱን ደረስሁበት። ቁልፍ ሲጫኑት በውስጡ ያሉት ብረቶች ይጋጠማሉ፤ ነገር ግን ወዲያው አይረጉም። ኳስ መሬት ላይ ደጋግሞ እንደሚነጥር ሁሉ፣ ለጥቂት የሴኮንድ ሺኛ እጆች ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። የሰው ዐይን ይህን አያይም። በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ሰዓት የሚሠራው ማይክሮኮንትሮለር ግን እያንዳንዱን ንጥረት እንደ አዲስ ጆንያ ይቆጥረዋል። ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን ትእዛዙን የጻፍሁት የእኔ ነበር። በማግሥቱ ባለቤቱ ባሉበት ይህንኑ ተናግሬ አረጋዊውን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያም መሣሪያው ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ አንድ ሴኮንድ ሙሉ እንዲጠብቅ አዘዝሁት። አሁን ደግሞ ሁለት ተሸካሚዎች ተከታትለው ሲገቡ የሁለተኛው ድካም ሳይቆጠር ቀረ። ትርፉን ሳስወግድ ጉድለት አመጣሁ።

በመጨረሻ ትእዛዙን እንዲህ አስተካከልሁት። ቁልፉ ሲነካ መሣሪያው ወዲያው አይቆጥርም፤ የሴኮንድ ሃምሳኛ እጅ ያህል ታግሦ እንደገና ያያል። ቁልፉ አሁንም እንደ ተጫነ ከሆነ አንድ ይቆጥራል፤ መለቀቁንም በዚሁ መንገድ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሌላ አይጨምርም። ከዚያ ወዲያ የመስኮቱ ቁጥርና የተደረደረው ጆንያ እኩል ሆነ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ከመጠን በላይ የዘገየም የሰው ድካም እንደሚያስቀር ከዚያች ቁልፍ ተምሬአለሁ።