የተመዘዘ ክር አይጎተትም

ሳሎናችን ውስጥ ያለው ምንጣፍ የባለቤቴ የእቁብ ገንዘብ ነው። በተጋባን በዓመቱ እጣው ሲወጣላት መርካቶ ሄደን፣ ስንት ሱቅ ዞረን፣ እሷ መርጣ ገዛነው። ፀጉራም ዓይነት አይደለም፤ ክሩ ሳይቆረጥ እንደ ትንንሽ ቀለበት እየተጣጠፈ የተሠራ ነው። ሻጩ «ቶሎ አይተኛም፣ እድፍም አያሳይም» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው። አንዱ ቀለበት ከተያዘ ምን እንደሚከተል ግን አልነገረንም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ የ4 ዓመት ልጃችን የአሻንጉሊት መኪናውን ሲነዳ ጎማዋ ክር ያዘ። «አባዬ፣ መኪናዬ እምቢ አለች» አለኝ። እኔ ስለ ሥራ በስልክ እየተጨቃጨቅኩ ነበር። ጎንበስ ብዬ መኪናዋን መንጭቄ ሳነሳት ክሩ እየተተረተረ ተከተለኝ። ምንጣፉ መሀል ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ራቁት መስመር ወጣ። በድንጋጤ ልጁ ላይ ጮህኩበት፤ መኪናዋንም ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳት።

ማታ ባለቤቴ አይታ «ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ልጅሽ፣ በመኪናው» አልኳት። ውሸት አይባልም፤ እውነትም አይባልም። ማርኬቲንግ ክፍል የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር አይቸግረውም። ጠረጴዛውን ስቤ መስመሩን ሸፈንኩት። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፉን ሳይረግጥ በዳር በዳሩ መሄድ ጀመረ።

ለእንቁጣጣሽ እናቴ መጣች። ቤት ሲጸዳ ጠረጴዛው ተነሳ። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ የበግ ፀጉር ሲፈተል፣ ባና ሲሠራ እያየች ነው ያደገችው። መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከችና መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይኼ የሕፃን ጉልበት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ሕፃን ቢስበው አንድ ሁለት ቀለበት ነው።» ዝም አልኩ። እሷም አልደገመችውም። «በል መቀስ አምጣ» ብቻ አለችኝ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ምንጣፍ ካለ የመጀመሪያው ነገር አለመጎተት ነው። በአንድ መስመር ያሉት ቀለበቶች እንደ ሹራብ ከአንድ ክር የመጡ ናቸውና አንዱ ሲሳብ ሌላው ይከተላል። አንድ ቀለበት ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ ትርፉን ክር በኪሮሽ መርፌ ወደ ጎረቤቶቹ ቀለበቶች በጥቂት በጥቂቱ ማካፈል ይበቃል። ተበጥሶ ጫፉ የቆመ ከሆነ ከሌሎቹ እኩል አድርጎ በመቀስ መቁረጥ ነው።

የእኛ ከዚያ ያለፈ ነበር። ራቁቱን መስመር ጠርገን የምንጣፍ ማጣበቂያ በቀጭኑ ቀባነው። የወጣውን ክር በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ እያልን፣ ከጎኑ ካሉት ቁመት ጋር እያስተያየን፣ ቀለበት በቀለበት መለስነው። ክር ያጠረበትን ቦታ ከሶፋው ሥር፣ ከማይታየው ጠርዝ በወሰድነው ቁራጭ ሞላን፤ ጠርዙም እንዳይተረተር ማጣበቂያ ቀባነው። ወደ ላይ የወጣውን ማጣበቂያ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። እስከ ማግስቱ ማንም አልረገጠውም። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን።

ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትመጣ ገና ተንበርክኬ ነበር። «የጎተትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና «ምንጣፉ አይደለም ያናደደኝ» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ ልጄን ስቆጣው ዝም ብለህ ማየትህ ነው።» መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ልጁን ጠርቼ፣ «ምንጣፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬም ያበላሻል?» አለ። መኪናዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩለት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ መስመሩ አሁንም ትንሽ ያስታውቃል። ጠረጴዛውን ግን አልመለስነውም።