ከለገሃር እስከ ሆራ፦ ከዕድራችን አረጋውያን ጋር የዋልንበት ቀን

ቢሾፍቱ ለመሄድ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መጀመሪያ ለገሃር መግባት መንገዱን የሚያውቅ ሰው የሚስቅበት ነገር ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለው ራሱ ወደ ቢሾፍቱ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ከመሃል ከተማ የሚነሳ መኪና በዚያ አልፎ ነው የሚሄደው። «እማዬ፣ እዚሁ ደጃችን ላይ ብንጠብቃቸውስ? ለሹፌሩ ብንደውልለት ያነሳናል» ብያት ነበር። እናቴ ግን በዋዜማው ነጠላዋን አጥባ፣ መድኃኒቷን በቦርሳዋ ከትታ ጨርሳለች። «እኔ ከሰዎቼ ጋር ነው የምሳፈረው» አለችኝ። ስለዚህ ሳይነጋ ተነስተን፣ ከተማውን አቋርጠን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ቆምን።

የጥቅምት ብርድ ያንዘፈዝፋል። ጋቢ የለበሱ፣ ካፖርት የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንቶች ከየአቅጣጫው እየመጡ ይሳሳማሉ። የተከራየነው ኮስተር ሲደርስ 26 ሰዎች ገባን። ከመካከላችን 60 ዓመት ያልሞላን፣ ሹፌሩን ጨምሮ፣ አራት ብቻ ነበርን።

ይህ ጉዞ የታሰበው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። የዕድራችን መነሻ ፒያሳ አካባቢ ነው። ዕድር ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ ማለት ነው። ሰው ሲሞት ቀብር ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ነዋሪው ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተበተነ። ዕድሩ ግን አልተበተነም። የዕድሩ አዳራሽም ከማይፈርሰው ወገን ስለነበር በቦታው ቀረ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም። መውረድና መውጣቱ ለጉልበቷ ስለሚከብዳት ሳምንት ሙሉ ከቤት ሳትወጣ የምትቀርበት ጊዜ ነበር። እኛ ልጆቿ የጎደላት ነገር ያለ አልመሰለንም። አስቤዛ እናመጣለን፣ የሐኪም ቀጠሮዋን እንከታተላለን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝተንላታል። «አንቺ ዕረፊ» እንላታለን። አንድ ቀን ቡና አፍልታ ጠበቀችኝና «ቡና ለአንድ ሰው ሲፈላ አይጥምም» አለችኝ። እኔ ስለ ቡናው የምታወራ መስሎኝ ነበር።

የድሮ ጎረቤቶቿን የምታገኘው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሰፈሩ አባት አርፈው፣ ድንኳን ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ሲያወጉ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑት ጋሼ «ለሞታችን እንዲህ ከየአቅጣጫው የምንሰበሰብ ሰዎች፣ በሕይወት ሳለን የማንሰበሰበው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። በሚቀጥለው የዕድሩ ስብሰባ ግን ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

አሁን አዳራሹ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለአረጋውያን ክፍት ነው። ሲገቡ ጡረታ የወጡ ነርስ የሁሉንም የደም ግፊት ለክተው በደብተር ይመዘግባሉ። አንዱ ጥግ ገበጣ፣ አንዱ ጥግ ዳማ ይጫወታሉ። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው እየፈተሉ ያወጋሉ፤ ከወንዶቹም ወሬው ሲጥማቸው ወደዚያው የሚጠጉ አሉ። ቡና በተራ ይፈላል። ከሰዓት በኋላ አንድ የአካባቢው ወጣት መጥቶ ስልክ ያስተምራል፤ ውጭ አገር ካለ የልጅ ልጅ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ትምህርት ነው። የቀረ ሰው ካለ በዚያው ቀን ይደወልለታል። እናቴ ከሁሉ የምትወደው ይህንን ነው። «ባልሄድ የሚጠይቀኝ አለ» ትላለች።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ጉዞ አለ። ግማሹን ወጪ ዕድሩ፣ ግማሹን ተጓዦቹ ይሸፍናሉ። የት እንደሚኬድ የሚወስኑት ልጆች አይደሉም፤ ራሳቸው ናቸው። በዚህኛው ዙር ለውድድር የቀረቡት እንጦጦ ፓርክና ቢሾፍቱ ነበሩ። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ብዙዎቹም የማርያምን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ፈልገው ነበር። ነርሷ ግን ተቃወሙ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ብርዱም የጠነከረ ነው። ልባቸውን የሚታመሙና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ስላሉ ለጥቅምት አይመከርም አሉ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባም ይልቅ ሞቅ ይላል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ስለማይርቅም በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ድምፅ ተሰጠ፤ ቢሾፍቱ አሸነፈ።

ከቦታው ይልቅ ያከራከረው ምግቡ ነው። በዓመቱ ደስ የሚል ወቅት ስለሆነ ክትፎ ይያዝ ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሥጋ ከተያዘ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለየብቻ ሊበሉ ነው። ሐጂ «እኛ የራሳችንን እንይዛለን፤ እናንተ አትቸገሩ» ቢሉም እናቶች አልተቀበሉም። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና አዚፋ ተወሰነ። አንድ አባት «ለጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ቀረ ማለት ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ያም ሆኖ ከሁሉም ቀድመው መዋጯቸውን የከፈሉት እሳቸው ነበሩ።

ኮስተሩ ከለገሃር እንደተንቀሳቀሰ ጡረተኛው ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው አስጎብኚ ሆኑ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ጣቢያ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እንደደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ነገሩን። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከለቡ በኩል ነው፤ የእሳቸው ባቡር ግን ከዚህ ተነስቶ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጎ ነበር የሚወርደው። «ሊቶሪና» ሲሉ ከኋላ ያሉት እናቶች ሳቁ፤ ሁሉም በሊቶሪና ተሳፍሮ የሄደበት አንድ ሰርግ ወይም አንድ ንግሥ አለው። አቃቂ ስንደርስ ተራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሠሩ አንዲት እናት ደረሰ። በማሽን ድምፅ ውስጥ በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ እንዴት ይነጋገሩ እንደነበር እያሳዩ አሳቁን። ከመኪናው ውስጥ ዝም ያለ ሰው አልነበረም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ሹፌሩ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ሊገባ ፈለገ። «ቶሎ ያደርሰናል» አለ። «የት ለመድረስ ነው የምንቸኩለው? በዕድሜ እንደሆነ ደርሰናል» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። በሳቅ መካከል በገላንና በዱከም የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ተመረጠ። እናቴ በመስኮቱ በኩል የሕንፃችንን ጣሪያ ለጓደኛዋ እየጠቆመች «ያቻትልሽ እስር ቤቴ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዚያ ቤት መጋረጃ ስሰቅል፣ ቧንቧ ሳስጠግን፣ በረንዳውን በአበባ ሳሳምር እንዲህ ብላ እንደምትጠራው አላውቅም ነበር። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም፤ ለጓደኛዋ ግን በቀልድ ነገረቻት። ጓደኛ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ዱከምን ስናልፍ የጤፉ ማሳ ግራና ቀኝ ወርቃማ መሆን ጀምሯል። የአድአ ማኛ ጤፍ በስሙ የታወቀ ነውና እናቶቹ መኪናው ቀስ እንዲል ጠየቁ። ወርደው እንዳይገዙ አጨዳው ገና ነው፤ ያም ሆኖ የዘንድሮ ዋጋ፣ የዛሬ 30 ዓመት ዋጋ፣ የእንጀራ ዓይን፣ የምጣድ ዓይነት እየተነሳ እስከ ቢሾፍቱ ደረስን።

ቢሾፍቱን ከመካከላቸው ብዙዎቹ አሁንም ደብረ ዘይት ነው የሚሏት። ከተማዋ በሐይቆች የተከበበች ናት፦ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ሐይቆቹ እንዴት እንደተፈጠሩ አስረዱን። ከምድር በታች የነበረ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ፈንድቶ ጎድጓዳ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ውሃ ሲሞላበት ክብ ሐይቅ ይሆናል። ሐይቆቹ ክብ ሆነው ዳር ዳራቸው ቀጥ ያለ ገደል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሆራ ዳር ቆመን ወደ ታች ስናይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ረግቶ ተኝቷል፤ የውሃ ወፎች በዳርቻው ይንሳፈፋሉ። ከመስቀል በኋላ በሚከበረው ኢሬቻ ሕዝብ ሞልቶት የነበረው ቦታ በዚያ ቀን ጸጥ ብሏል። የአድአ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት እርጥብ ሣር ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው በኦሮምኛ መረቁን። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን።

ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ ዳገታማ ነው። ጠንከር ያሉት ሊወርዱ ሲነሱ እናቴም ብድግ አለች። እኔ ፈጠን ብዬ «አይ፣ እሷ አትችልም፤ ጉልበቷን ያማታል» አልኩ። ነርሷ ክንዴን ያዝ አድርገው ለብቻዬ «ልጄ፣ ጠይቃት እንጂ አትወስንላት» አሉኝ። አፈርኩ። ተመልሼ «እማዬ፣ ልያዝሽና እንውረድ ወይስ እዚህ ትቆያለሽ?» አልኳት። መንገዱን ቁልቁል አየችው። «እስከዚያች ዛፍ ድረስ» አለች። ወረድን። ዛፏ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሐይቁን ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከአባቴ ጋር አዲስ ሙሽሮች ሳሉ በባቡር መጥተው እዚህ መዋላቸውን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። 41 ዓመት ልጇ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጠይቄያትም አላውቅም።

ምሳው ከላይ ጥላ ሥር ቀረበ። ሐጂና የምድር ባቡሩ ጋሼ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ፣ ስለ አጥንቱ ያጉረመረሙት አባት ሽሮውን ሁለተኛ አስጨምረዋል። ከዚያ ቡና፣ ከቡናው ጋር ቆሎ፣ ከቆሎው ጋር የሚቀጥለው ጉዞ ክርክር ተጀመረ።

እንዲህ ያለ ጉዞ በየሰፈሩ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ብዙ ሀብትም አይጠይቅም። ካየሁት ልናገር። መኪናው መወጣጫው ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ የእኛው ከፍ ስለሚል በርጩማ ይዘን ነበር። ከመነሳት በፊት በመንገድና በመድረሻው ንጹሕ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ አረጋውያን መጸዳጃ አጣለሁ ብለው ስለሚሰጉ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ይህ ደግሞ ለጤናቸው ጥሩ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የምግብና የመድኃኒት ሰዓቱ እንዳያልፍ ምሳ በሰዓቱ ይቅረብ። በየሰው ኪስ ስሙ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የቤተሰቡ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ኮፍያ፣ ጋቢና የሚያደላድል ጫማ አይረሳ። ሳይመሽ መመለስ ጥሩ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሥራ ይሰጣቸው። በእኛ ጉዞ ገንዘብ ያዧ፣ ሰው ቆጣሪው፣ ምግብ አከፋፋዩ ሁሉም አረጋውያን ነበሩ። እኛ ልጆች የያዝነው ዕቃ ብቻ ነው።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ እናቴ በዚህኛው ጊዜ እዚያው ለመውረድ አልተከራከረችም። ከመስኮቱ እጆች ወጥተው «ማክሰኞ! ማክሰኞ!» እያሉ ተሰናበቷት። ደረጃውን ቀስ እያልን ጀመርነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። ትንፋሽ ልትሰበስብ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን የተረፈውን ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ በር አንኳኳች። በዕድሜ እኩያዋ የሚሆኑ እናት ከፈቱ። ለሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

«ቡና አፍልቼ እጠራዎታለሁ፤ ለብቻዬ አይጥመኝም» አለቻቸው። «ማክሰኞ ደግሞ የምንሄድበት አለ።»