ምነው ጠፋችሁ?

ፎክ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ የአገር ቤት ዜማን ወስዶ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በድራም የሚጫወት ስልት ሲሆን፣ ስሙ በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ቢወጣለትም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራው ግን ስሙ ባልተሰማባቸው አገሮችም ሲሠራ ኖሯል። ከዚሁ ሙዚቃ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ልማድ አለ። ባንዱ ይጣላል፣ ይበተናል፣ ለዓመታት ዝም ይላል፣ ከዚያም ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ታርቆ የመገናኛ አልበም ያወጣል። በመካከል ላለው ዝምታ እንግሊዝኛ ከላቲን የተዋሰው ክብር ያለው ስም ሲኖረው፣ አማርኛ ግን «ጠፋ» በሚል አንድ ግስ ብቻ ይወጣዋል።

የዚህ ግስ ሆደ ሰፊነት የሚያስገርም ነው። ወዳጁን ሁለት ሳምንት ያላየ ሰው «ምነው ጠፋህ?» ይላል፤ ከጦር ሰፈሩ የከዳ ወታደር ጠፋ ይባላል፤ ለሥራ ወይም ለትምህርት ባሕር ማዶ ተልኮ ያልተመለሰው ጠፍቶ ቀረ ይባላል፤ መብራቱም፣ ስኳሩም ይጠፋል። በደርግ ዘመን በመተማ ወይም በሁመራ በኩል ድንበር ተሻግሮ የሱዳኗ ገዳሪፍ የገባውን ሰው ጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱማ ጠፋ» ሲል፣ ሰሚው ወዴት ብሎ አይጠይቅም፤ አቅጣጫው በግሱ ውስጥ ነበረና። «ጥፋት» እና «ጥፋተኛ» የሚሉት ቃላት ከዚያው ሥር መብቀላቸው ደግሞ ጠፊውን፣ የሄደበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ጥቂት ዕዳ ያሸክመዋል።

ጠፉ የተባሉት ሰዎች ከገቡባቸው ቦታዎች አንዱ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ጋርጉር ሲሆን፣ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ከነበረችው ኤርትራ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች በ1976 የተቋቋመ ሰፈር ነው። የሰፈሩ መነሻ ሐሳብ ጊዜያዊ መጠለያ መሆን ነበር፤ ጊዜያዊነቱ ግን ልጅና የልጅ ልጅ እስኪወለድበት ድረስ ረዘመ። ከምዕራባዊው የኤርትራ ቆላ ከመጡት ስደተኞች መካከል ብዙዎቹ የሚናገሩት የትግረ ቋንቋ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ አንድ ትንሽ ወጥመድ አስቀምጧል። በትግረ «መሰንቆ» የሚባለው፣ አማርኛ ክራር የሚለው፣ በጣት የሚመታው ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው፤ የምሥራቅ ሱዳን ቤጃዎችም ይህንኑ መሣሪያ «ባሰንኮብ» በሚል ለመሰንቆ ቅርብ በሆነ ስም ይጠሩታል። አማርኛ በተራው ያንን ስም ይዞ አዝማሪው በፈረስ ጭራ ለሚገዘግዘው ባለ አንድ ክር መሣሪያ ሰጥቶታል። ስለዚህ ከጎንደር የመጣ ሰውና ከአቆርደት የመጣ ሰው ስለ መሰንቆ ቢያወሩ፣ ሁለቱም ሌላው የማያውቀውን ነገር እያደነቁ በሙሉ ስምምነት ሊለያዩ ይችላሉ።

የአካባቢው ፎክ ሮክም ከዚህ መሣሪያ ይነሳል። የፖርት ሱዳኑ ቤጃ ሙዚቀኛ ኑሪ፣ አባቱ የሰጡትን ታምቡር (የዚያው የክራር ዘመድ የሱዳን ስሙ ነው) ከወዳደቀ ብረት መካከል ካገኘው የጊታር አንገት ጋር አጋጥሞ፣ ግማሹ ክራር ግማሹ ኤሌክትሪክ ጊታር የሆነ መሣሪያ ሠራ። ለፎክ ሮክ ብዙ ማብራሪያ ተጽፏል፤ ከዚህ ብየዳ የተሻለ ግን አልተገኘም። ኑሪ ዶርፓ የተባለውን ባንድ በ2006 መሥርቶ የመጀመሪያ አልበሙን ለዓለም ያሰማው በ2022 ነው። የገዳሪፉ የኪቦርድ ተጫዋች ጃንትራ ደግሞ በሠርግና በጭፈራ ላይ ሳያቋርጥ የሚያንቆረቁረው ዜማ በ2023 በአልበም ሲወጣ፣ በርእሱ ውስጥ የፈሻጋ ስም ገባበት። ይህን ስም የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው ከሰሊጥ ማሳና ከድንበር ጠብ ዜና ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ።

ወደ መገናኛው አልበም ሲመለሱ፣ ከኢትዮጵያ በኩል የሚጠቀሰው የዋሊያስ ባንድ ነው። ዋሊያስን ፎክ ሮክ ማለት ስሙን ጥቂት መለጠጥ ይጠይቃል፤ ፈንኩና ጃዙ ይበዛበታል። ሆኖም የአገር ዜማን በኤሌክትሪክ ኦርጋን፣ በቤዝና በሳክስፎን መጫወት ዋና ሥራው ስለነበር ዝምድናው ግልጽ ነው። ኡም ጋርጉር በተቋቋመ በዓመቱ፣ በ1977፣ «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ አወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተጋብዞበታል። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ቤቱ ያልገባ ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ማደር፣ ባንዱም እስኪነጋ መጫወት ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ መጨፈር የደስታ ብቻ ሳይሆን የሕግ አክባሪነትም ምልክት የሆነበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

በ1981 ዋሊያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ዞረ፤ ጉዞው ሲያበቃ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀሩ፤ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመለሱ። ባንዱ በዚሁ ተበተነ። በዚያው ዓመት መስከረም 19፣ በ1970 የተለያዩት የአሜሪካ ፎክ ሮክ ጥንዶች ሳይመንና ጋርፈንከል በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ፊት ተገናኙ። በአንድ አገር በአንድ ዓመት አንዱ ሲገጥም ሌላው ተፈታ። የጥንዶቹ ዕርቅ ግን አልዘለቀም፤ አብረው የጀመሩትን አዲስ አልበም ሳይመን የጓደኛውን ድምፅ ደምስሶ በ1983 በብቻ ስሙ አወጣው። እነሱ ፓስፖርት ሳያስፈልጋቸው፣ በታክሲ መገናኘት እየቻሉ፣ በአንድ ክፍል መቀመጥ አቃታቸው፤ የዋሊያስን ሰዎች ግን የለያያቸው ውቅያኖስና የዘመኑ ፖለቲካ ነው። «ጠፋ» ለሁለቱም እኩል መባሉ የግሱ ድክመት ነው።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን፣ ሲንተሳይዘርንና የከበሮ ማሽንን ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት ቀዳ፤ ባንድ ሲጠፋ አንድ ሰው ባንድ መሆን ነበረበት። በኋላም መድረክ ትቶ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ጀመር። በአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ተራው እስኪደርስ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ እንደነበር በሰፊው ተነግሯል፤ በዚህ ዓይነት ልምምድ ላይ ያለን ሰው ጠፋ ማለት ይከብዳል። ያን ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትስ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ይዞ ተመለሰ።

በ2018 የወጣው የኃይሉ «ላላ በሉ» ትዝታንና አንቺሆዬን የያዘ፣ አኮርዲዮኑ ከነትንፋሹ የሚሰማበት አልበም ነው። ድራሙንና ቤዙን የተጫወቱት ሁለት አውስትራሊያውያን ሲሆኑ፣ ከድሮዎቹ የዋሊያስ ሰዎች ከኃይሉ በቀር አንድም የለበትም። ሽፋኑ ላይ የታተመው ስምም አንድ ነው፤ ኃይሉ መርጊያ።