ሸክም የሚወርድባቸው ማዕዘኖች

ከገጠር የመጣ ዘመድ «እስቲ አዲስ አበባን አሳየኝ» ሲለኝ ወደ ትልቅ ሕንፃ አልወስደውም። መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ማርያም እወስደዋለሁ። ከተራራው ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል። ከዚያ በእግራችን እንወርዳለን። ስንወርድ የምወዳቸውን የመንገድ ማዕዘኖች አንድ በአንድ አሳየዋለሁ። ማዕዘን የምለው ሁለት መንገድ የሚገናኝበትን፣ ሰው ቆሞ ሰው የሚጠብቅበትን ቦታ ነው። በገጠር መንታ መንገድ እንደምትሉት ማለት ነው።

እነዚህን ማዕዘኖች ያወቅኋቸው በልጅነቴ ከእናቴ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው። እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች።

የመጀመሪያው ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው። አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ እንጦጦ ማርያም ነው። ቀኑ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነበር። በአጠገቡ የነበሩበት ቤተ መንግሥት አለ። ቤተ መንግሥት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ቤት ነው። የአጎቴ ልጅ አይቶት «ይኼማ የእኛ ቤት ነው!» ብሎ ሳቀ።

እንጦጦ ብርድ ነው። ነፋሱ አጥንት ይገባል። እቴጌ ጣይቱ ከታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቤት አሠሩ። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ሹሙም ወታደሩም ተከትሎ ወረደ። ከተማዋ እንዲህ ተጀመረች።

አሁን ደግሞ ገበሬ የሆነ ሁሉ ልብ የሚለውን ነገር ልንገራችሁ። የእንጦጦ ጫፍ የውሃ ድንበር ነው። በደቡብ በኩል የዘነበው ዝናብ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ወደ አቃቂ ይሄዳል፣ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ከሚባል ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በሰሜን በኩል የዘነበው ግን ወደ ሱሉልታ ወርዶ ሙገርን ይቀላቀላል፣ ከዚያ ዓባይ ይሆናል፣ ግብፅ ይደርሳል። አንዱ ጠብታ ከሌላው የሚለየው ክንድ በማይሞላ ቦታ ነው። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። እኔም ያወቅሁት ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ሲሉ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው ባሕር ዛፍ የተባለው። ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ አለቀ። ጥዱ ተቆርጦ አለቀ። በዚያን ዘመን ማገዶ ሲያልቅ ከተማው ይነሣ ነበር። ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር የረዳት ይህ ዛፍ ነው። «ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም» የሚሉት ሰዎች እውነታቸውን ነው። ቢሆንም እኔ ልረግመው አልችልም። ያደግሁት በእሱ ነው።

እናቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ትወጣለች። ቅጠሉን በእጇ ትሰበስባለች፣ ጭራሮውን ትለቅማለች፣ በገመድ ጠፍራ በጀርባዋ ትሸከመዋለች። ሸክሙ ከሠላሳ ኪሎ በላይ ይሆናል። ከእሷ ቁመት ይረዝማል። ከኋላ ስትታይ ሰው አትመስልም፤ ቁጥቋጦ የሚሄድ ይመስላል። የጥበቃ ሰው ካገኛት ገመዷን ይቀማታል። ከእንጨቱ ይልቅ የሚያንገበግባት ገመዱ ነበር። እንጨቱ ነገም አለ፣ ገመድ ግን ይገዛል።

ሁለተኛው ማዕዘን እዚህ ላይ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። በመታጠፊያው ላይ ከሰው ወገብ ትንሽ ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ነበር። ካቡን ማን እንደሠራው አልጠየቅንም። ግን ለሸክም ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም መሬት ላይ ከተቀመጠ ያለ ረዳት አይነሣም። ካቡ ላይ ግን ጀርባን ሰጥቶ ዘንበል ሲሉ ሸክሙ ብቻውን ይቀመጣል። ገመዱ ሳይፈታ ትከሻ ያርፋል። ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ያርፋሉ። አንዷ ቆሎ ታወጣለች። አንዷ ስለ ልጇ ሕመም ታወራለች። በልጅነቴ ትልቁ ሳቅ የሰማሁት ከዚያ ካብ ሥር ነው። ከዚያ አንዷ «ኧረ ፀሐይ ወጣ፣ ተነሡ» ትላለች።

ሦስተኛው ማዕዘን ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በሸማ ነው። በግራም በቀኝም ጋቢና ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ መሠረታቸው ጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ነው። በየጓሮው የሸማኔው ጉድጓድ አለ፤ ሰውየው እግሩን አስገብቶ ይቀመጥና መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል። እኔ ግን የማስታውሰው ልብሱን አይደለም። ከልብሱ ጀርባ ያለውን፣ እንጨት የሚሸጥበትን ጥግ ነው።

እዚያ እናቴ አንድ ደንበኛ ነበራት። ዳቦ ይጋግራል። ዋጋውን በየቀኑ አይከፍልም፤ በደብተር ይጽፍና በወር መጨረሻ ይከፍላል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። ለራሷ ማስታወሻ የነጠላዋን ዘርፍ ትቋጥራለች፤ ለአንድ ሸክም አንድ ቋጠሮ። አንድ ወር ቋጠሮዋ 17 ነበር። ሰውየው «14 ነው» አላት። ቋጠሮውን ስታሳየው ሳቀ። «ሴትዮ፣ ደብተር እያለ በነጠላ ትከራከሪያለሽ?» አላት። የ14 ሸክም ተከፈላት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቴ ማታ ማታ ቀበሌ መሄድ ያዘች። ድካሙ አያድርስ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። አስተማሪዋ የልጅ ልጇ የምታህል ተማሪ ነበረች፤ «እማማ፣ ይህቺን ፊደል ብቻ በሉልኝና ይሂዱ» ትላታለች። ከፊደል በፊት የያዘችው ቁጥር ነው። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የቤታችን ግድግዳ በከሰል በተጻፈ ቁጥር ተሞላ።

ከወራት በኋላ እዚያው ጥግ ላይ ሰውየው ደብተሩን ገልጦ «11» አላት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ጌታዬ፣ የጻፉት እኮ 13 ነው» አለችው። ሰውየው ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ። የ13 ሸክም ከፈላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከእሷ መግዛት ተወ። ሌላ ገዢ እስክታገኝ ሁለት ሳምንት ተቸገርን። «ተጸጸትሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይ፣ ገመዴ አለልኝ» አለችኝ።

አራተኛው ማዕዘን ስድስት ኪሎ ነው። በአደባባዩ መካከል ሐውልት ቆሟል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ጣሊያን በብቀላ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ፈጀ። ቦምቡ የተጣለበት ግቢ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። እናቴ እዚያ ስትደርስ ዝም ብላ ታልፍ ነበር። ማንበብ ከጀመረች በኋላ ግን በአጠገቡ ያለው ሆስፒታል በር ላይ ቆመች። «የ...ካ...ቲት» አለች። ትንሽ ቆይታ «12» አለች። ከዚያ ወደ ሐውልቱ ዞረችና «ለካ የእነሱ ስም ነው» አለችኝ። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሳለች!

ዛሬ እንጦጦ ተለውጧል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ትልቅ መናፈሻ ተከፍቶበታል። ወጣቶች በብስክሌት ይሄዳሉ፣ ሯጮች ማለዳ ይሮጣሉ። ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ሁሉም ግን አልያዙም፤ በማለዳ የሚወጣ ሰው ዛሬም ሸክም ሲወርድ ያያል።

የአጎቴ ልጅ ሲመጣ የገብስ ቆሎና በሶ በጆንያ ይዞ ነበር። ቁልቁል ስንወርድ መታጠፊያው ላይ ደረስን። ካቡ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ አለ። ስለ እናቴ ገና አልነገርኩትም ነበር። እሱ ግን ካቡን እንዳየ ዞረና ጀርባውን ሰጥቶ ጆንያውን አሳረፈ። «ጥሩ ቦታ ነው» አለኝ።